ድንበር የሚሻገር ዕቃና ትንሹ ነጋዴ

በአንዲት የእንግሊዝ ከተማ የምትኖር ሴት የሱፍ ኮፍያ በእጅዋ እየሠራች በኢንተርኔት ትሸጣለች እንበል። ገዢዋ ያለው ደብሊን ነው። እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ ዕቃዋን ጠቅልላ፥ የጉምሩኩን ወረቀት ሞልታ ለፖስታ ቤት ታስረክብ ነበር። ከማግሥቱ ጀምሮ ግን ይህ ብቻ አይበቃትም።

ምክንያቱም የአውሮፓ ኅብረት በግንቦት ወር 2015 ዓ.ም. ያወጣው የምርት ደኅንነት ደንብ በሥራ ላይ የዋለው በዚሁ ቀን ነው። ከምግብ፥ ከመድኃኒትና ከጥንታዊ ዕቃ፥ እነዚህንም ከመሳሰሉት ጥቂቶች በቀር፥ ለሸማች የሚሸጥ ዕቃ ሁሉ በኅብረቱ ግዛት ውስጥ የሚጠየቅለት ሰው ወይም ድርጅት እንዲኖረው ደንቡ ያዛል። የዚህም ተጠያቂ ስምና አድራሻ በዕቃው ወይም በማሸጊያው ላይ፥ እንዲሁም በኢንተርኔቱ ማስታወቂያ ላይ መጻፍ አለበት። ሠሪው ዕቃው ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት መርምሮ በጽሑፍ ያዘጋጃል፤ ጽሑፉንም 10 ዓመት ያስቀምጣል። ሰልባጅ እንኳ ከዚህ ደንብ አላመለጠም። ዋሽንግተን ተቀምጦ ነጠላ ወደ ፍራንክፈርት የሚልክ ወገናችን ቢኖር እርሱንም ይመለከተዋል፤ ቡና የላከ እንደ ሆነ ግን ምግብ ነውና የሚዳኘው በሌላ ሕግ ነው።

ደንቡ ያለ ምክንያት አልወጣም። የቀድሞው መመሪያ በ1994 ዓ.ም. ሲወጣ የኢንተርኔት ንግድ ገና ጨቅላ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ግን ዋጋቸው ከ150 ዩሮ የማይበልጥ 4.6 ቢሊዮን ያህል ጥቅሎች ወደ ኅብረቱ ገብተዋል፤ የሚበዙትም ከቻይና የመጡ ናቸው። ኃይል መሙያው ቢቃጠል፥ ሸማቹ የት ሄዶ ማንን ይከሰዋል?

እኛን የሚያሳስበን የሸክሙ አከፋፈል ነው። ለምሳሌ ያህል፥ አንድ ወኪል ስሙን ለማዋስ በዓመት 200 ዩሮ ቢጠይቅ፥ 20 ኮፍያ ለምትሸጠው ሴት በያንዳንዱ ላይ 10 ዩሮ ይጨመርባታል፤ 20,000 ለሚሸጠው ፋብሪካ ግን አንድ ሳንቲም ብቻ ነው። ደንቡ ትንሽ ነው ብሎ የሚምረው ሻጭ የለም። ነገ ሕግ የሚያረቁ ወጣት ሹማምንት ይህችን ሒሳብ ቢያሰሏት ደስ ይለናል።

ሰሜን አየርላንድም የእንግሊዝ መንግሥት ክፍል ሆና ሳለች በዕቃ ረገድ የኅብረቱን ደንብ ስለምትከተል፥ ከለንደን ወደ ቤልፋስት የሚሸጠው ዕቃ ሳይቀር በዚሁ ሥር ይውላል። አንዳንዶች የእጅ ባለሙያዎች ወኪል ይዘው ንግዳቸውን ቀጥለዋል። ሌሎች ግን መላኩን ትተውታልና፥ የቤልፋስቱ ገዢ በገዛ አገሩ የተሠራውን ኮፍያ መርጦ አድራሻውን ሲጽፍ «ወደዚህ ቦታ አይላክም» የሚል መልስ ያገኛል።