የሣር ስፌት በአምቦና በአካባቢው

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአምቦ፣ በቅዳሜ ገበያ መሶብ፣ ሌማት፣ ሰፌድና ሙዳይ ተደርድሮ ይታያል። ገዢው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንጀራ ሊያቀርብበት ወይም እህል ሊያበጥርበት የሚሻ ባለቤት ሲሆን፣ ሁለተኛው ለጌጥ የሚወስደው መንገደኛ ነው። ስፌቱ ወደ ሁለተኛው ገዢ ሲሻገር ምን እንደሚጎድልበት መምህራን ሊያስቡበት ይገባል።

ሥራው የሚጀምረው ከሣሩ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ስንደዶው ሳይጠነክር ይነቀላል፤ አክርማም ይሰበሰባል። ከደረቀ በኋላ ከፊሉ ቀለም ተነክሮ አለላ የሚባለው ይሆናል። ሰፊዋ ጥቂት ሣር ጠቅልላ ከመሐል ትጀምርና፣ ጥቅሉን እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እያዞረች፣ በወስፌ እየበሳች፣ እያንዳንዱን ዙር በውሃ በራሰ ሣር ከቀደመው ጋር ታያይዘዋለች። ወስፌ እንደ መርፌ ክር ማስገቢያ የለውም፤ ሣሩ በተበሳው ቀዳዳ በእጅ ይገባል። ዙሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ከሰፋ ሰፌድ፣ ወደ ላይ ከተደራረበ ሙዳይ ወይም መሶብ ይሆናል።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ቆጠራው ነው። ዙሩ በሰፋ ቁጥር የስፌቱ ብዛት ይጨምራል፤ ይሁን እንጂ የአለላው ኮከብ ክቡን በእኩል መክፈል አለበት። ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ የምትሰፋ እናት፣ እርሳስና ኮምፓስ ሳትይዝ ክቡን ለስምንት ትከፍላለች። ከተሳሳተች ስሕተቱ በውጭው ዙር ላይ ይገለጣል፤ መፍትሔውም መፍታት ብቻ ነው። በሞዛምቢክ ያስተማሩት የሒሳብ ሊቅ ፓውሉስ ገርደስ በቅርጫት ሥራ ውስጥ ያለውን ጂኦሜትሪ አጥንተው ጽፈዋል። በእኛም ኮሌጆች ከክብ ትምህርት በፊት አንድ ሰፌድ በጠረጴዛው ላይ ቢቀመጥ መልካም ይመስለኛል።

በሰሜን አሜሪካ የአፓቼ ሴቶችም ጥቅልን በጥቅል ላይ ይሰፋሉ፤ ሆኖም በሣር ፈንታ የአኻያ ቀንበጥ ይጠቀማሉ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ሰብሳቢዎች ሥራቸውን በብዛት ሲገዙ፣ የአብዛኞቹ ሰፊዎች ስም ሳይመዘገብ ቀረ። ዕቃው በቤተ መዘክር ይገኛል፤ የማን እጅ እንደሠራው ግን አይታወቅም። ጉዳቱ ከግድግዳ ላይ መሰቀሉ አይደለም። በሐረር ቤቶች ስፌት ጥንትም በግድግዳ ላይ በሥርዓት ይሰቀላል፤ ነገር ግን ቤተሰቡ የማን ሥራ እንደሆነ ያውቃል።

ስለዚህ ዕጩ መምህራን ከየወረዳቸው ስፌት ሲያመጡ መግለጫ ወረቀት ሊያያይዙበት ይገባል። ሰፊዋ ከፈቀደች ስሟ፣ ቀበሌዋ፣ የሣሩ ዓይነትና የተነቀለበት ወር ይጻፍ። ስሙም እንደ አገሩ ይመዝገብ፤ የአካባቢው ሰው በኦሮምኛ ጉንዶ የሚለውን ሌማት ብሎ መዝግቦ ማለፍ አይበቃም። ሥራው የፈጀው ቀንና የተሸጠበት ዋጋም ጎን ለጎን ይስፈር፤ የሰፊዋን የቀን ገቢ ተማሪው ራሱ አካፍሎ ያገኘዋል።