ማኅተም የሌለው ካራ
በጎንደር አሮጌ የቀንድ ዕቃ መሰብሰብ ለሚፈልግ

በአውሮፓ አሮጌ የገበታ ቢላዋና ሹካ መሰብሰብ የቆየ ልማድ ነው። እጀታው ከቀንድ የተሠራ፣ ስለቱ ላይ የሼፊልድ ወይም የዞሊንገን ፋብሪካ ማኅተም ያረፈበት ዕቃ ይፈለጋል፤ ሰብሳቢው ማኅተሙን አይቶ ማን፣ መቼ አካባቢ እንደሠራው ያውቃል። ጎንደር ላይ ይህን ሥራ ልጀምር የሚል ሰው ግን ሹካ ፍለጋ አይውጣ። እንጀራ በእጅ በሚቆረስበት ቤት ስለት ገበታ ላይ የሚወጣው ለሥጋ ነውና መነሻው ካራ ነው። ከካራው ቀጥሎ ዋንጫ፣ አቅም ላለው ደግሞ የቀንድ እጀታ ያለው ጎራዴ ይመጣል።

አስቀድሞ ቀንዱን መለየት ያስፈልጋል። ባለ ቅርንጫፉ የአውሮፓ አጋዘን ቀንድ በእውነቱ አጥንት ነው፤ በየዓመቱ ይወድቃል፣ እንደገና ይበቅላል፣ መሐሉም ቀዳዳ የበዛበት ነው። እንዲህ ያለ እንስሳ በአገራችን ዱር ስለሌለ፣ በዚህ ቀንድ የተሠራ እጀታ ጎንደር ላይ ቢገኝ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የበሬ ቀንድ ግን የጥፍርና የፀጉር ዘር ነው። አጥንቱን እንደ አፎት ይሸፍነዋል፤ ሥሩ ክፍት፣ ጫፉ ድፍን ነው። የባለእጁ ሥራ የሚወሰነው በዚህ አፈጣጠር ነው፤ ክፍቱ ወገን ዋንጫ፣ ድፍኑ ጫፍ እጀታ ይሆናል። ቀንዱ ውኃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ የውስጡ አጥንት ይላቀቃል፤ ሲሞቅ ይለሰልስና ቅርጽ ይቀበላል። ዋንጫው ከታች በእንጨት ይደፈናል። ለካራ የስለቱ ጭራ ግሎ ወደ ቀንዱ ይገባል፣ ቀንዱም ዙሪያውን ለስልሶ እንደያዘው ይቀዘቅዛል። ሌላው መንገድ ሁለት የቀንድ ሰሌዳ ግራና ቀኝ አድርጎ በምስማር መምታት ነው።

በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በግብር ላይ ወንዶቹ በየካራቸው ጥሬ ሥጋ ሲቆርጡ ማየቱን ጽፏል። ስለ አንዳንድ በሬዎች እጅግ ትልልቅ ቀንዶች የሰጠው አስተያየት ግን የተሳሳተ ነበር፤ ያን ያህል የሚያድጉት በበሬው በሽታ ምክንያት ነው ብሎ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጣው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት በራስ ወልደ ሥላሴ ዘመን ትግራይ ውስጥ በሬዎቹ ጤነኞች መሆናቸውን በዓይኑ አይቶ አረመው። አንዳንዱ ቀንድ ርዝመቱ አራት ጫማ ይጠጋ ነበር፤ ወደ ሰሜን የሚያመጡትም ከደቡብ የሚመጡ ነጋዴዎች ነበሩ። እንግዲህ ጎንደር የተገኘ ትልቅ ዋንጫ ቀንዱ ከሩቅ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ስለቱን ደግሞ የቀጠቀጠው ማን ነው? በጎንደር ዙሪያ ከታወቁት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች መካከል ቤተ እስራኤል የሚባሉት የኢትዮጵያ አይሁዶች ይገኛሉ፤ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ የምትታወቀው በእነርሱ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ወደ እስራኤል ተጓጓዙ፤ ከዚያ በፊትም ብዙዎች ሄደዋል። ያረሱበትን ማረሻ፣ የቆረጡበትን ካራ ከእነርሱ እጅ የተቀበሉ ጎረቤቶች ቡዳ እያሉ ሲሸሿቸው ኖረዋል። ይህ የሚያሳዝን ታሪክ ነው፤ በካራው ላይም የሠሪው ስም የለም።

ስም ባይኖርም ብረቱ ይናገራል። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ስለት መኪና ወደ አገሩ ከገባ በኋላ የተሠራ ነው፤ ሻጩ «የፋሲል ዘመን ነው» ቢል አትቀበሉት። በጎራዴ በኩል ከዞሊንገን የመጡ፣ አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው ስለቶች በምኒልክና በኃይለ ሥላሴ ዘመን ይገቡ ነበር። እጀታው እውነተኛ ቀንድ መሆኑን ለማየት ወደ ብርሃን ያዙት፤ ቀጭኑ ክፍል ብርሃን ያሳልፋል፣ ውስጡም ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ጭረት ይታያል። ፕላስቲክ ከሆነ የቅርጹ መጋጠሚያ መስመር ይኖረዋል፤ አጥንት ከሆነ ጥቃቅን ጥቋቁር ነጠብጣብ። በጋለ መርፌ መፈተን ዕቃውን ያበላሻልና አይደረግ።

ሁለት ቀንድ ግን አይነኬ ነው። የጥንት ጎራዴዎች እጀታ የነበረው የአውራሪስ ቀንድ ዓለም አቀፍ ንግዱ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታግዷል። ዋልያም ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም የትም የለም፤ ቀንዱ አንድ ጊዜ ዋጋ ካገኘ ጥይት ይከተለዋል። «የአያቴ ነው» ቢባልም አትግዙ።

ከአገር ስለሚወጣው ዕቃ ደግሞ የመቅደላ ነገር አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሀብት ወስደው ነበር፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ብዙው በእንግሊዝ ጦር ተዘረፈ። ከተዘረፉት መካከል የነበሩ የቀንድ ዋንጫዎች በ2021 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ለጨረታ ሲቀርቡ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ተቃወመ፤ ጨረታው ቀርቶ ሼሄራዛድ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት ገዝቶ ለኢትዮጵያ አስረከባቸው። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። የዕድሜ ጥርጣሬ ያለበትን ዕቃ ከመግዛት በፊት የባህልና ቱሪዝም ቢሮውን መጠየቅ ይሻላል።

ቤት ከገባ በኋላ ቀንድ የሚጠላው የእርጥበትና የድርቀት መፈራረቅን ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ በምስማሩ ዙሪያ ይሰነጠቃል። ከምድጃና ከፀሐይ አርቁት፤ ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉት። ብል ይበላዋልና በየጊዜው ገልጣችሁ እዩት። ዝገት አለ ብላችሁ ስለቱን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ፤ የመዶሻው ምት አብሮ ይጠፋል።

ከሁሉ በፊት ግን ዋጋ ከመነጋገር አስቀድማችሁ ጠይቁ። «እማማ፣ ይህ ካራ የማን ነበር? ማን ሠራው? በምን በዓል ይወጣ ነበር?» ሻጯ የምታስታውሰው መንደርና ስም ከሼፊልድ ማኅተም የሚተካከል መረጃ ነው፤ ከእርሷ ጋር ካለፈ የሚያገኘው የለም። በዚያው ቀን በወረቀት ጻፉት፤ ወረቀቱን ግን እጀታው ላይ በሙጫ አትለጥፉ፣ በክር አንጠልጥሉት።