መጽሐፍ ገልጦ ስለሚፈተን መሐንዲስ

መጽሐፍ ተዘግቶ የሚደረግ ፈተና የተማሪውን የማስታወስ ኃይል ይመረምራል፤ መጽሐፍ ተገልጦ የሚደረግ ፈተና ግን ማስተዋሉን ይመረምራል። ብዙዎች መልሱ በእጃቸው ባለው መጽሐፍ ተጽፎ ሳለ ማን ይወድቃል በማለት ይህን ሁለተኛውን ፈተና ያቃልሉታል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

ሊቃውንቶቻችን ይህን ከጥንት ያውቁታል። ፍትሐ ነገሥት 51 አንቀጽ ሲኖረው 22ቱ መንፈሳዊ፥ 29ኙ ሥጋዊ ነው። በችሎት ፊት መጽሐፉ ይገለጥ ነበር፤ ሆኖም ነገሩ በየትኛው አንቀጽ እንደሚወድቅ አስቀድሞ ያላወቀ ሰው ቅጠል ሲገላብጥ ይመሽበታል። መጽሐፍ የሚረዳው አስቀድሞ የተወዳጀውን ነው።

በአሜሪካ የሲቪል መሐንዲሶች የሙያ ፈቃድ ፈተና እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ በወረቀት ሲደረግ፥ ተፈታኙ የመረጣቸውን መጻሕፍት ይዞ ይገባ ነበር። የተጠረዘ መጽሐፍ እንጂ ልቅ ወረቀት አይፈቀድም ነበር። በ8 ሰዓት 80 ጥያቄ ይቀርባልና ለአንዱ ጥያቄ የሚደርሰው 6 ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ መጻሕፍትን በሣጥን ሞልቶ የመጣው፥ ጥቂት መርጦ በሚገባ ካጠናው የበለጠ አይጠቀምም ነበር። ከ2022 መጀመሪያ ወዲህ ፈተናው በኮምፒዩተር ሆኖ ማመሳከሪያውን ፈታኙ ራሱ ይሰጣል። በሥራ ላይ ላለ መሐንዲስ ግን መጽሐፍ መርጦ የሚሰጠው የለም፤ መራጩም ተጠያቂውም እርሱ ነው።

ስለ ምሳሌ ያህል ከቡታጅራ ወደ ባቱ (ዝዋይ) በሚወስደው መንገድ ያለችውን፥ በበርበሬዋ የታወቀችውን የማረቆን ከተማ ቆሼን እንመልከት። አገሩ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። በ1898 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በላንጋኖ ሐይቅ አካባቢ የተነሣው የመሬት መናወጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የሆነው መናወጥ ነገሩ የጥንት ታሪክ ብቻ አለመሆኑን አሳይቶናል። እንግዲህ በቆሼ የሚሠራውን የትምህርት ቤት ፕላን የሚመረምር ወጣት መሐንዲስ ሁለት መጻሕፍት በፊቱ ቢያገኝ የቱን ይገልጣል? በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል ተብሎ የሚገመተውን መናወጥ መሠረት ያደረገ ሲሆን፥ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ግን በ475 ዓመት አንድ ጊዜ የሚገመተውን፥ ማለት የበረታውን፥ ያስባል። በአሮጌው የሚሠራ ሰው ሒሳቡን አንዲት ቍጥር ሳይስት ጨርሶ መልሱን ሊስት ይችላል።

እንደዚሁም የመንገዶች ባለሥልጣን የ2002 እ.ኤ.አ. የጎርፍ ማፍሰሻ ሥራ መመሪያ በ2013 ታድሷል።

ስለዚህ ማመሳከሪያ የሚመርጥ ሰው አራት ነገር ያስብ። አንደኛ፥ መጽሐፉ ዛሬ የሚሠራበት መሆኑን ይወቅ። ሁለተኛ፥ ለየትኛው አገር እንደ ተጻፈ ይመልከት፤ የአሜሪካ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ በጫማና በፓውንድ ሲቈጥሩ የእኛ ሥራ በሜትርና በኪሎ ነውና። ሦስተኛ፥ አንዱን ዋና መጽሐፍ አድርጎ ማውጫውን እንደ ቤቱ ደጃፍ ይልመደው፤ በየክፍሉም ምልክት ያኑርበት። አራተኛ፥ በገዛ እጁ የሠራቸውን ሒሳቦች በሥርዓት አስጠርዞ ይያዝ፤ የራሱ ድካም ያለበት ገጽ ፈጥኖ ይታወሰዋልና።

የመሥሪያ ቤት አለቆችም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624 ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት ፕላኑ ተመርምሮ ፈቃድ እንዲሰጥበት አዝዞ ነበር። ታዲያ መርማሪው የያዘው መጽሐፍ የተሻረ ከሆነ ማኅተሙ ምን ይጠቅማል? የተሻረውን መጽሐፍ ከሚሠራበት ለይቶ ምልክት ማድረግና አዲሱን እስከ ወረዳ ድረስ ማድረስ ብዙ ገንዘብ የማይፈልግ፥ ትጋትን ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

በፈተና አዳራሽ የወደቀ ሰው ጉዳቱ የራሱ ነው፤ በሌላ ጊዜም ተመልሶ ይቀመጣል። በሥራ ላይ የሚሳሳት መሐንዲስ ግን የሚጐዳው በዚያ ጣራ ሥር ፊደል የሚቈጥረውን ሕፃን ነው። እንግዲህ መሐንዲሶቻችን መጽሐፍ ከመግለጣቸው በፊት የሚገልጡትን ይምረጡ።