መዝገቡን ዘግተው፣ ወዳጅ ይዘው ወደ በደሳ

ጠበቃም ይሁኑ ዐቃቤ ሕግ ወይም ዳኛ፣ ሥራዎ ቢሮ ውስጥ እንደማይቀር ያውቁታል። የሌላ ሰው ፍቺ፣ የሌላ ሰው የውርስ ክርክር ቤትዎ ድረስ ይከተልዎታል። ልጅዎ ማዕድ ላይ ሲያወራዎት እርስዎ በሐሳብዎ የመከላከያ መልስ ያረቅቃሉ። የደንበኛ ምስጢር ስለሆነም ሸክሙን ለትዳር አጋርዎ እንኳ ማካፈል አይችሉም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ ጫና የሚመጣን መዛል ሲገልጽ ሦስት ምልክቶች ጠቅሷል፦ የአቅም መሟጠጥ፣ ሥራን በልብ መራቅ ወይም መጥላት፣ የውጤታማነት መቀነስ። ሦስቱንም በራስዎ ላይ ካዩ፣ ፍርድ ቤቶች ለዕረፍት የሚዘጉበትን ወቅት እንዲሁ አያሳልፉት። በተለይ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ መስከረም ላይ፣ ሁለት ሦስት ወዳጆች ይዘው ወደ ጨርጨር ደጋ ይውጡ።

ከመነሳትዎ በፊት ግን አጀንዳዎን ይፈትሹ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 323 ይግባኝ የሚቀርበው በ60 ቀን ውስጥ ነው። የቀን ገደብ እያሰሉ የሚሄዱበት መንገድ ዕረፍት አይሆንም።

ከአዲስ አበባ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) 325 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዳማን አልፈው መተሐራ ሲደርሱ የበሰቃ ሐይቅና የፈንታሌ ተራራ ይታያሉ። አዋሽ ላይ ከፍታው ከ1000 ሜትር በታች ይወርዳል፤ ሙቀቱም ይበረታል። ብዙዎቹ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች እዚያ ወደ ገዋኔ ስለሚታጠፉ መንገዱ ቀለል ይላል። ከሚኤሶ በኋላ ዳገቱን ሲወጡ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ጭሮ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ይደሩ። በማግስቱ በኩኒ በኩል፣ ማሽላውንና ቡናውን እያዩ፣ በደሳ ይገባሉ። ሆጃ ካገኙ ሳይቀምሱ አይለፉ፤ ከቡና ገለባና ከወተት የሚፈላ የሐረርጌ መጠጥ ነው።

ይህ አገር ለሕግ ሰው ባዕድ አይደለም። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አዲስ አበባ በልዩ ፍርድ ቤት በዳኝነት ከሠሩ በኋላ፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሹመው፣ አውራጃውን በአስተዳደር አርአያ ለማድረግ ደክመዋል።

አብሮዎት የሚሄደውን ሰው በጥንቃቄ ይምረጡ። ሁሉም ጠበቃ ከሆነ መኪናው ችሎት ይሆናል፤ ቢያንስ አንዱ መምህር ወይም ነጋዴ ይሁን። ስለ መዝገብ ያወራ የምሳውን ሒሳብ ይክፈል ብላችሁ ተስማሙ። «ቀጠሮ አለብኝ» እያሉ ስንት ጊዜ የቀሩበትን ወዳጅ ደግሞ መጀመሪያ ይጥሩት፤ ከሥራው ጋር ቀስ በቀስ የሚጠፋው እሱ ነውና። ጎን ለጎን ተቀምጦ መንገድ እያዩ ማውራት፣ ፊት ለፊት የሚከብደውን ነገር ያቀልላል። ዝምታም ቢሆን አያሳቅቅም።

የመንገዱን ሁኔታና ጸጥታ አስቀድመው ከአካባቢው ሰው ይጠይቁ። በቀን ብቻ ይንዱ፤ ግመልና ከብት መንገድ ያቋርጣሉ። ሹፌር ይቀያየሩ፤ እንቅልፍ የመጣበት መሪውን ይልቀቅ። እሑድ አመሻሽ ሳይሆን ቅዳሜ ተመልሰው፣ እሑድን ከቤተሰብ ጋር ያሳልፉ። በዚያ ቀን ልጅዎ ሲያወራዎት በሙሉ ልብ ካዳመጡት፣ ነዳጁ በከንቱ አልተቃጠለም።