ዐይንን ስለ ሠራ ጌታ፤ የመዝሙር 93 ሐተታ

ነቢዩ ዳዊት በ93ኛው መዝሙሩ ዐይንንና ጆሮን ያነሣበት ምክንያት አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል። ባልቴቲቱን፣ እንግዳውንና አባት እናት የሌለውን ልጅ የሚገድሉ ግፈኞች እግዚአብሔር እንደማያያቸው ይመኩ ነበርና፣ ለፍጥረቱ ማያ የሰጠ ጌታ እርሱ ራሱ እንዴት ማየት ይሳነዋል ሲል መለሰላቸው።

ዛሬ ግን ይህ ቃል ለሌላ ክርክር ይጠቀሳል። የደሴና የኮምቦልቻ ወጣቶች በባዮሎጂ ትምህርት ዝግመተ ለውጥን ይማራሉ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንም መጥተው፣ «ነገሩ ጥቂት በጥቂት ከሆነ ግማሽ ዐይን ምን ይረባ ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እንግሊዛዊው ዳርዊን ራሱ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ አንሥቶታል፤ ይህን የመሰለ ብልሃት በዝግታ ተገኘ ማለት ለሰሚው የማይመስል መሆኑንም ሳይሸሽግ ጽፏል። አንዳንድ ሰባክያን ይህን ብቻ ቈርጠው ይጠቅሳሉ። እርሱ ግን ወዲያው መልሱን አስከትሏል፤ የሰውን ቃል ከወገቡ ቈርጦ ማቅረብ፣ ሰውየው ባያምንም እንኳ፣ በሐሰት መመስከር ነው።

መልሱም በውኃ ውስጥ በሚኖሩ ፍጥረታት ይታያል። ፕላናርያ የሚባለው ጠፍጣፋ ትል ዐይኑ እንደ ጽዋ የጐደጐደ ብርሃን ተቀባይ ሥፍራ ነው እንጂ ሌንስ የለውም፤ ይሁን እንጂ ብርሃኑ ከወዴት እንደሚመጣ ለይቶ ወደ ጥላ ይሸሻል። የናውቲለስ ዐይን ደግሞ አፉ ጠብቦ እንደ መርፌ ቀዳዳ ሆኗልና፣ ያለ ሌንስ ደብዛዛ መልክ ያያል። እንግዲህ ግማሽ የተባለው ለባለቤቱ ግማሽ አይደለም። ኒልሶንና ፔልገር የተባሉ ተመራማሪዎችም በ1994 አስልተው፣ ከብርሃን ተቀባይ ጠፍጣፋ ሥፍራ ተነሥቶ የዓሣን የመሰለ ዐይን እስኪደርስ ከ400,000 ያነሰ ትውልድ እንደሚበቃ ጽፈዋል። ይህ ግን ስሌት ነው፤ ብርሃን ተቀባዩ ሕዋስ አስቀድሞ ከየት እንደ ተገኘም አይነግርም።

ሁለተኛው ምስክር ለወሎ ሰው ቅርብ ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል መንገዱ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ በዚያው በአፋር ምድር በሐዳር፣ በ1967 ዓ.ም. የድንቅነሽ አፅም ተገኘ። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ወገኖቿ በሁለት እግር ይሄዱ ነበር፤ አንጐላቸው ግን ከቺምፓንዚ እምብዛም አይበልጥም ነበር። የሰው አካል የሆነው ሁሉ ባንድ ጊዜ አልተገኘም ማለት ነው።

ታዲያ የነቢዩ ቃል ፈረሰን? አልፈረሰም። ዳዊት ዐይን በስንት ዘመን እንደ ተሠራ አላስተማረም፤ ማን እንደ ሠራው ግን ተናገረ። አንድም፦ የሕፃን ዐይን በእናቱ ማኅፀን ከ4ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ይሠራል፤ አዋላጂቱም ሐኪሙም ይህን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ነገር ግን ሕፃኑን እግዚአብሔር አልፈጠረውም ብሎ የተጠራጠረ እናት አባት የለም።