የሁለት መንደሮች የእግር መንገድ

መንገድ ሁሉ በንጉሥ ትእዛዝና በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ አይደለም። ሰው ወደ ሰው ሲመላለስ እግር ብቻ ያወጣው መንገድ ብዙ ነው። ይህም እንዴት እንደሆነ ለመረዳት፥ በእንግሊዝ አገር በሰሜን ምዕራብ በኩል፥ ሐይቅና ተራራ በሚበዛበት በካምብሪያ አውራጃ፥ ከግራስሚር መንደር ወደ ራይዳል መንደር የሚያደርሰውን የእግር መንገድ እንመልከት።

መንገደኛው በግራስሚር ካለው ከቅዱስ ኦስዋልድ ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ መንደሩን ከለቀቀ በኋላ፥ መኪና እምብዛም በማያልፍበት በጠባብ መንገድ ወደ ላይ ይወጣል። ጥቂት እንደ ሄደም ጠባቡ መንገድ ያልቅና የእግር መንገድ ብቻ ይቀራል። በግራው ተራራው ይቆማል፤ በቀኙም ቁልቁል የራይዳል ሐይቅ ይታየዋል። መንገዱ በዛፎች ጥላና በድንጋይ ካብ አጠገብ እያለፈ፥ በዝግታ የሚሄደውን ሰው በአንድ ሰዓት ያህል ራይዳል ያደርሰዋል። የታወቀው ባለ ቅኔ ዊልያም ወርድስወርዝ አስቀድሞ በግራስሚር፥ ኋላም ከ1813 እስከ 1850 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በራይዳል ኖሯል፤ ሲሞትም የተቀበረው በግራስሚር ነው።

ይህ ያማረ መንገድ ግን የሚጠራበት ስም «የሬሳ ሣጥን መንገድ» ነው። ምክንያቱም የራይዳል ሰዎች በቀድሞ ዘመን በመንደራቸው መካነ መቃብር ስላልነበራቸው፥ ሙታናቸውን ተሸክመው ወደ ግራስሚር ይወስዱ ነበር። ዝናብም ቢዘንብ፥ በረዶም ቢወርድ፥ ጎረቤት የጎረቤቱን ሬሳ በትከሻው ይዞ መሄድ ግድ ነበረበት። በመንገዱ ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ዛሬም አለ፤ ተሸካሚዎቹ ሣጥኑን በላዩ አኑረው ጥቂት ያርፉ እንደ ነበር ይነገራል። እንግዲህ ይህን መንገድ የጠረገው ደስታን የሚፈልግ እግር አይደለም፤ የባልንጀራውን ሸክም የተሸከመ እግር ነው።

ዳሩ ግን በዚያ አገር ብዙው የእግር መንገድ የሚያልፈው ባለቤት ባለው መሬት ላይ ነው። ባለ መሬቱ «መሬቱ የእኔ ነው» ብሎ ቢዘጋው፥ መንገደኛውም «መንገዱ የእኔ ነው» ብሎ እህሉን ቢረግጥ፥ ጠብ እንጂ መንገድ አይኖርም። ስለዚህ ሕግ በሁለቱ መካከል ገባ። በ1932 የወጣው ሕግ፥ ሕዝብ 20 ዓመት ሙሉ ሳይከለከል፥ ሳይሸሸግና ፈቃድ ሳይለምን የተመላለሰበት መንገድ፥ ባለ መሬቱ ለሕዝብ እንዳልሰጠው ካላስረዳ በቀር፥ የሕዝብ ሆኖ ይቈጠራል አለ። በ1949 የወጣውም ሕግ እንዲህ ያሉት መንገዶች በካርታ እንዲገቡ አዘዘ። ዛሬም ገበሬው በእርሻው መካከል የሚያልፈውን የእግር መንገድ ለዘር ቢያርሰው፥ በ14 ቀን ውስጥ ከ1 ሜትር በማያንስ ስፋት መልሶ ሊያወጣው ይገባዋል።

መንገደኛውም በበኩሉ ዕዳ አለበት። ከመንገዱ ወጥቶ እህል አይረግጥም፤ ውሻውንም በበጎች መካከል አይለቅም። ከሁሉ ይልቅ ግን የበሩ ነገር ያስተምራል። በካቡ መካከል ያለውን በር ዝግ ሆኖ ያገኘው ሰው ካለፈ በኋላ ይዘጋዋል፤ ክፍት ሆኖ ያገኘውም እንደ ተከፈተ ይተወዋል። ክፍቱን በር መዝጋት ለብዙ ሰው ደግነት ይመስለዋል። ነገር ግን ገበሬው የከፈተው በጎቹ ወደ ውሃ ይወርዱ ዘንድ እንደ ሆነ ማን ያውቃል? ደጉ እንግዳ ሳይጠይቅ ቢዘጋው፥ በጎቹ ተጠምተው ይውላሉ። ስለዚህ መልካም ሥራ መሥራት የሚወድ ሰው፥ አስቀድሞ የባለቤቱን አሳብ ይመርምር፤ ሊያውቀው ካልቻለ ግን ነገሩን እንዳገኘው ይተወው።

ዛሬ በዚያ መንገድ የሚሄደው ሬሳ ተሸካሚ አይደለም፤ ሐይቁንና ተራራውን ሊያይ የመጣ መንገደኛ ነው። በትከሻው ምንም አልያዘም። ሆኖም በሩን እንዳገኘው ትቶ ሲያልፍ፥ ያላየውንና የማያውቀውን ገበሬ ድካም ያቃልላል። መንገዱም ከጥንት ጀምሮ የተጠረገው እንዲህ ባለ ሥራ ነው።