የአይኤልትስ የማዳመጥና የንባብ ፈተና፦ ነጥብ የሚጠፋው የት ነው?

ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል የሚያመለክቱ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሱልን ጥያቄ አለ። «ከዘጠነኛ ክፍል ጀምረን በእንግሊዝኛ ተምረናል፤ ታዲያ አይኤልትስ ላይ ነጥባችን ለምን ዝቅ ይላል?» ነገሩ የዕውቀት ማነስ ብቻ አይመስለንም። በአገራችን የ12ኛ ክፍል ፈተና የእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ተማሪው አንብቦ ምርጫ ያጠቁራል እንጂ የሚያዳምጠው ድምፅ የለም። ስለዚህ ብዙዎች ጆሯቸው ሲፈተን የመጀመሪያቸው የሚሆነው ብዙ ገንዘብ በከፈሉበት ፈተና ላይ ነው።

የማዳመጥ ፈተናው 30 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። 4 ክፍሎችና 40 ጥያቄዎች አሉት፤ ድምፁ የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሁለት ሰዎች ስለ ዕለታዊ ጉዳይ፣ ለምሳሌ ቤት ስለ መከራየት ይነጋገራሉ። መጨረሻ ላይ የዩኒቨርሲቲ መምህር የሚሰጠው ዓይነት ገለጻ ይመጣል።

እኛ እንደምናየው በከንቱ የሚጠፋው ነጥብ ቀላል በሚመስለው መጀመሪያ ላይ ነው። «ተርቲን» እና «ተርቲ» ይምታታሉ። ስልክ ቁጥር ሲነገር «ደብል ፋይቭ» ማለት 55 መሆኑን ያልለመደ ተማሪ አንድ አሃዝ ይጥላል። «ሃፍ ፓስት ሰቨን» ሲባል አእምሮው ወደ እኛ ሰዓት የሚሮጥበት ደግሞ 1፡30 ብሎ ይጽፋል፤ መልሱ ግን 7፡30 ነው። ተናጋሪው «ማክሰኞ» ብሎ ወዲያው «አይ፣ ረቡዕ ይሻላል» ሊልም ይችላል። በዚህ ላይ የፊደል ስህተት ያለበት መልስ አይቆጠርም። «ከሁለት ቃል ያልበለጠ» ተብሎ ሦስት ቃል መጻፍም እንደዚሁ።

በንባቡ ደግሞ ጠላቱ ሰዓት ነው። በአካዳሚክ ፈተና 3 ረጃጅም ጽሑፎችና 40 ጥያቄዎች በ60 ደቂቃ ይሠራሉ፤ መልስ ለመገልበጥ ተጨማሪ ጊዜ የለም። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በልቡ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ሦስተኛው ጽሑፍ ላይ ሳይደርስ ሰዓቱ ያልቃል።

ብዙዎችን የሚያምታታው «እውነት፣ ሐሰት፣ አልተሰጠም» የሚባለው ጥያቄ ነው። ጽሑፉ «ፋብሪካው 200 ሠራተኞች ነበሩት» ይላል እንበል። ጥያቄው «ሠራተኞቹ ከ100 ያነሱ ነበሩ» ካለ ሐሰት ነው፤ ጽሑፉ በቀጥታ ይቃረነዋልና። «አብዛኞቹ ሠራተኞች ሴቶች ነበሩ» ካለና ጽሑፉ ስለ ጾታ ምንም ካላነሳ ግን መልሱ «አልተሰጠም» ነው። ስለ ፋብሪካዎች ከራሳችን የምናውቀው እዚህ አያገለግልም።

ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፤ ባዶ ቦታ መተው ትርፍ የለውም። ከ40 ጥያቄ 23 ያህል የመለሰ በማዳመጥም ሆነ በአካዳሚክ ንባብ ወደ 6፣ 30 ያህል የመለሰ ወደ 7 ነጥብ ያገኛል። በጄኔራል ትሬኒንግ ንባብ ጽሑፎቹ ስለሚቀሉ ለተመሳሳይ ነጥብ ተጨማሪ ትክክለኛ መልሶች ያስፈልጋሉ።

ውጤቱ በአብዛኛው ለ2 ዓመት ያገለግላል። በአንድ ክፍል ብቻ ለጎደለበትም፣ አገልግሎቱ ባለባቸው ቦታዎች፣ በኮምፒውተር የተፈተነ ሰው ያን ክፍል ብቻ በ60 ቀናት ውስጥ መድገም ይችላል። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ እንዲህ የተደገመ ውጤት ስለማይቀበል ግን ክፍያ ከመፈጸም በፊት የሚያመለክቱበትን ተቋም በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።